ፓምፑ ሲቸኩል ቆጣሪው ይሮጣል

አሪዞና፣ ኔቫዳ ወይም ቴክሳስ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ጓሮው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ቢያገኝ ብርቅ አይደለም፤ በላስ ቬጋስና በዳላስ ዙሪያ ቤት ካፈሩ ኢትዮጵያውያን መካከልም ገንዳውን ከነወጪው የተረከቡ አሉ። ገንዳው ለልጆች ደስታ ነው። አጥር ሥር ቆሞ ውሃውን እየሳበ በማጣሪያው የሚያሳልፈው ፓምፕ ግን የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን በደንብ ከሚያስሮጡት የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያወጣው የቁጠባ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 19 ቀን 2021 ወዲህ ለሚመረቱ ፓምፖች የጸና ሲሆን፣ መለኪያውን ለማሟላት ሲባል ለተቆፈሩ ገንዳዎች የሚያገለግሉት አብዛኞቹ አዳዲስ ፓምፖች ፍጥነታቸው የሚስተካከል ሆነዋል። ደንቡ ግን የፓምፑን ዓይነት እንጂ አጠቃቀሙን አያዝም። አዲሱ ፓምፕ እንደ አሮጌው ሙሉ ፍጥነት ላይ ተሞልቶ ከተተወ፣ ባለቤቱ የቁጠባ ዋጋ ከፍሎ ብክነቱን ቀጠለ ማለት ነው። ቁጠባውን የሚያመጣው የፍጥነት ምርጫው ነው፤ ምርጫውም እያንዳንዱ ሥራ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ፍጥነት ፈልጎ ማግኘት ነው።

ምክንያቱ ያለው ውሃው በቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ በሚያደርገው ትግል ላይ ነው። ፓምፑ በእጥፍ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚገፋው ውሃም በደቂቃ እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ውሃ በዚያው ጠባብ ቧንቧ ሲጣደፍ ግን ከቧንቧው ግድግዳ፣ ከመታጠፊያዎቹና ከማጣሪያው ጋር የሚገጥመው ፍትጊያ በእጥፍ ብቻ አይወሰንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሞተሩ እንግዲህ እጥፍ ውሃ በአራት እጥፍ ግፊት መግፋት አለበት፤ ሁለት በአራት ሲባዛ ስምንት ነው። ይህ በፓምፕ ሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች ዘወትር የሚጠቀሙበት ሕግ ነው፦ የፍሰቱ መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይሄዳል፣ ግፊቱ በካሬ፣ የሚፈለገው ኃይል ደግሞ በኩብ ያድጋል። ወደ ታች ሲነበብም ያው ነው። ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው የውሃውን ግማሽ ያጣል፤ ከኃይሉ ግን በስሌት የሚያስፈልገው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው።

«ቀስ ካለ ረጅም ሰዓት ሊሠራ አይደል? ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሳል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱን በቁጥር እንየው። ገንዳው 60,000 ሊትር ይይዛል እንበል። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነቱ፣ ማለትም በደቂቃ 3,450 ዙር፣ 1,600 ዋት እየወሰደ በሰዓት 15,000 ሊትር ቢገፋ የገንዳውን ሙሉ ውሃ ያህል ለማሳለፍ 4 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህም 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ1,725 ዙር ደግሞ በሰዓት 7,500 ሊትር እየገፋ ያንኑ ሥራ በ8 ሰዓት ይጨርሳል። በስሌቱ መሠረት 200 ዋት ሊበቃው ይገባ ነበር፤ ሞተሩና መቆጣጠሪያው ራሳቸው የሚበሉትን ጨምረን 280 ዋት ብንለው እንኳ ድምሩ 2.24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሰዓቱ እጥፍ ሆነ፣ ፍጆታው ግን ወደ ሲሶ ወረደ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ15 ሳንቲም ቢታሰብ ልዩነቱ በቀን 62 ሳንቲም፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ገንዳ ወደ 228 ዶላር ይጠጋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለሰው ቢሆንም ለፓምፕም ሳይሠራ አይቀርም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የንጽሕና ነው፤ ውሃው ካልተጣደፈ አረንጓዴ ይሆናል የሚል ስጋት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተምታተዋል። ገንዳን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ነው፤ አልጌን የሚገድለው ደግሞ ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ ካነሰ ፓምፑ ሌት ተቀን ቢያጓራም አልጌው ይበቅላል፤ ክሎሪኑ በልኩ ከሆነ ግን የፓምፑ ድርሻ መድኃኒቱን ለሁሉም ጥግ ማዳረስና ቆሻሻውን ወደ ማጣሪያው ማድረስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የውሃ መጠንም ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። የተጣራው ውሃ ካልተጣራው ጋር ስለሚደባለቅ፣ የገንዳው መጠን ያህል ውሃ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ማጣሪያው የነካው ከጠቅላላው 63 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ዙር ወደ 86፣ ሦስተኛው ወደ 95 በመቶ ያደርሰዋል። የመጀመሪያው ዙር 63፣ ሁለተኛው 23፣ ሦስተኛው 9 ብቻ አተረፈ ማለት ነው፤ ክፍያው ግን ለሦስቱም እኩል ነው። ሰው ለማይበዛበት የቤት ገንዳ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ዙር መነሻ አድርጎ፣ የውሃውን ጥራት እያዩ መጨመር ወይም መቀነስ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። በዝግታ መፍሰሱም ለማጣሪያው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ውሃ በአሸዋ ወይም በካርትሪጅ ውስጥ በኃይል ሲገፋ ደቃቁ ብናኝ ሾልኮ የማለፍ ዕድሉ ይጨምራል።

እንግዲያው ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ ነው? አይደለም፤ ምርጫው ዕውቀት የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ አንድ ሥራ ብቻ የለውም። ከገንዳው ጫፍ ያለው ስኪመር ተንሳፋፊ ቅጠልና ነፍሳትን የሚስበው የውሃው ላይኛ ገጽ ወደ እሱ ሲፈስ ነው፤ ፍሰቱ ከደከመ ቅጠሉ ውሎ አድሮ ርሶ ወደ ታች ይሰጥማል። ከጨው ክሎሪን የሚያመርተው መሣሪያ በቂ ውሃ ሲያልፍበት ካልተሰማው ማምረቱን ያቆማል። የጋዝ ማሞቂያም ከተወሰነ ፍሰት በታች አይነሳም፤ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ማሞቂያ ደግሞ ውሃውን እዚያ ድረስ የሚያወጣ ጉልበት ይፈልጋል። በፓምፑ ስበት ወለሉን የሚጠርግ መሣሪያ ያለው ሰው ለጥቂት ሰዓት ፍጥነት መጨመር ይኖርበታል፤ የአሸዋ ማጣሪያን በግልባጭ ፍሰት ማጠብም ከፍተኛ ፍሰት ይጠይቃል። ፓምፑ ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በፍጥነት ቢሠራ ልክ ነው። ስህተቱ ለእነዚህ አጫጭር ሥራዎች የሚያስፈልገውን ፍጥነት የቀኑ ሁሉ ፍጥነት ማድረግ ነው።

ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከከፍተኛው ጀምሮ ፍጥነቱን በ100 ወይም በ200 ዙር እየቀነሱ መሄድ ነው። የጨው መሣሪያው «ፍሰት የለም» የሚለውን ምልክት ያበራበትን ቁጥር መዝግቦ ከዚያ በላይ ጥቂት ከፍ ማድረግ፤ ስኪመሩ ቅጠል መሳብ ያቆመበትን፣ ማሞቂያው የጠፋበትን ፍጥነትም እንዲሁ። ከዚያ ቀኑ ይከፈላል፦ ለአየር ማስወጫ ጥቂት ደቂቃ፣ ለስኪመርና ለወለል ጠራጊ አንድ ሁለት ሰዓት ከፍ ያለ፣ ቀሪው ሰዓት ለማጣራትና ለክሎሪን በቂ የሆነው ዝቅተኛ ፍጥነት። ማጣሪያው ቆሻሻ ሲይዝ ፍሰቱ ስለሚቀንስ የተገኘው ቁጥር በየጊዜው ይፈተሻል። ብዙዎቹ እነዚህ ፓምፖች የሚወስዱትን ዋት በማሳያ መስኮታቸው ያሳያሉ፤ ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ይነግራል። ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ዋቱ እንደ ስሌቱ መውረዱን ይተዋል፤ የመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስና የሞተሩ ብክነት ዘወትር የሚከፈል ወለል ስለሆኑ። እዚያ ከደረሱ በኋላ መቀነስ ውሃውን ያሳንሳል እንጂ ሂሳቡን እምብዛም አይነካም።

ሰዓቱን መምረጥም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። በአንዳንድ ከተሞች የኤሌክትሪክ ዋጋ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ስለሚወደድ ከፍተኛ ፍጥነት የሚፈልጉትን ሥራዎች ወደ ማለዳ ማዛወር ይጠቅማል። በሌላ በኩል ክሎሪንን የሚያጠፋው የቀን ፀሐይ ነው፤ ክሎሪን የሚያመርት መሣሪያ ያለው ሰው ፓምፑን ቀን ሙሉ ማቆም አያዋጣውም። በዝቅተኛ ፍጥነት ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ በውድ ሰዓት 280 ዋት መክፈል 1,600 ዋት እንደመክፈል አይደለም። እንደ ዳላስ ባሉ አልፎ አልፎ ብርድ በሚበረታባቸው ቦታዎች ደግሞ ከበረዶ ነጥብ በታች ባለ ሌሊት ፓምፑ መቆም የለበትም፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቧንቧ ውስጥ በቀላሉ በረዶ አይሆንም።

የሚቀረው ሙግት የዋጋና የዕድሜ ነው። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ይወደዳል፣ ሙቀትና የኃይል መዋዠቅም ሊጎዳው ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። በዓመት ሦስት ወር ብቻ ገንዳ በሚከፈትበት ሰሜናዊ ግዛት የሚኖርና አሮጌው ፓምፕ ገና የሚሠራለት ሰው ለመቀየር ባይቸኩል አይፈረድበትም። ፊኒክስ ወይም ላስ ቬጋስ ውስጥ ላለ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። «ብዙ ሰዓት መሥራቱ ሞተሩን ያደክመዋል» የሚለውም ሚዛን ይፈልጋል፤ በግማሽ ፍጥነት የሚሽከረከር ሞተር 16 ሰዓት ሲሠራ የሚያደርገው የዙር ብዛት በሙሉ ፍጥነት በ8 ሰዓት ከሚያደርገው ጋር እኩል ነው፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን ያንሳል። አዲሱን ፓምፕ ገዝቶ ያስገጠመ ሰውማ ትልቁን ወጪ ጨርሷል። የቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ የፓምፑ ማሳያ መስኮት ፊት ቆሞ ቁጥሩን እየቀነሱ ቅጠሉን ማየት ነው፤ ቅጠሉ ወደ ስኪመሩ መሄዱን እስካላቆመ ድረስ ለተጨማሪው ፍጥነት የሚከፈለው ገንዘብ ምንም አይገዛም።