የመደመርና የመቀነስ አነባበብ በጀማሪ ሕፃናት ትምህርት

ሂሳብ ገና ለጀመረ ሕፃን 7 - 3 ብለን እንጽፍና «ሰባት ሲቀነስ ሦስት» ብለን እናነብለታለን። አነባበቡ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ የሚጠራጠረው የለም። ይሁን እንጂ በአማርኛ ሰዋስው ብንመረምረው፣ «ሲቀነስ» ለሚለው ግሥ ባለቤት ሆኖ የሚገኘው ከፊቱ ያለው «ሰባት» ነው። በመሆኑም ቃል በቃል የተናገርነው፣ ሰባት ካልተጠቀሰ ቍጥር ላይ ተቀንሶ ሦስት እንደሚቀር ነው። ሕፃኑ ቢደናገር ቋንቋውን ከማወቁ እንጂ ካለማወቁ አይደለም።

የአነባበቡ ምንጭ የምልክቱ አቀማመጥ ነው። የ+ እና የ- ምልክቶች በኅትመት መጀመሪያ የታዩት ዮሐንስ ዊድማን በ1489 እ.ኤ.አ. በላይፕሲክ ባሳተመው የጀርመንኛ የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ አነባበብ የመቀነስን አሳብ የሚያመለክተው ቃል ከሚቀነሰው ቍጥር ይቀድማል፤ ምልክቱም በዚያው ስፍራ ይቀመጣል። አማርኛ ግን ግሡን የሚያሳርፈው ከመጨረሻ ነው። ምልክቱን ተከትለን ግሡን ከመካከል ስናስገባ፣ በመደመር ጊዜ ጉዳቱ አይታወቅም፤ «አምስት ሲደመር ሁለት» ቢገለበጥም ድምሩ ያው 7 ነው። ጉድለቱ የሚጋለጠው በመቀነስ ነው።

በሐብሩ ወረዳ፣ በግራና ገበያ ሽንኩርት ለምትሸጥ እናቱ የሚላላክ ልጅ አለ እንበል። የ35 ብር ሽንኩርት የወሰደ ገዢ 50 ብር ቢሰጠው፣ ልጁ «ከሃምሳ ላይ ሠላሳ አምስት ሲነሣ» ብሎ ያሰላል፤ ወይም ከሠላሳ አምስት ተነሥቶ «አርባ፣ ሃምሳ» እያለ አምስቱንና ዐሥሩን ብር ይቈጥርለታል። ሁለተኛው መንገድ መቀነስን በመደመር መፈጸም ነው። (የዚህ ገንዘብ ስም «መልስ» መሆኑም ለመምህራን የተመቸ አጋጣሚ ነው።) ይኸው ልጅ በማግሥቱ ክፍል ገብቶ «ሃምሳ ሲቀነስ ሠላሳ አምስት» ሲባል ቢሰማ፣ ትናንት የሠራው ሥራ መሆኑን ላይገነዘብ ይችላል።

እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መጻሕፍት የሚያዘጋጁም ሆኑ የሚተረጕሙ ሰዎች «ከሰባት ላይ ሦስት ሲቀነስ»፣ «በሰባት ላይ ሦስት ሲደመር» ቢሉ ይሻላል። የቍጥሮቹ ቅደም ተከተል አይናጋም፤ ምልክቱ ብቻ መጨረሻ ላይ ይነበባል። «ላይ» የሚለው ቃል ግን ሊቀር አይገባም። «ከ» ብቻውን ሲሆን መጨመርን ያመለክታልና፦ «አምስት ብር ከሃምሳ»፣ «ሦስት ሰዓት ከዐሥር» እንላለን። በሰዓት አቈጣጠር ጉድለትን የምንገልጸው በ«ለ» እና በ«ጉዳይ» ነው፤ «ለሦስት ሰዓት ዐሥር ጉዳይ» እንደምንለው።

የውጤቱም ስም ጥንቃቄ ይሻል። ሽንኩርት ተሽጦ የተረፈው «ቀሪ» ነው፤ ሁለት መደብ ሽንኩርት ሲነጻጸሩ አንዱ ሌላውን የሚበልጥበት ደግሞ «ልዩነት» ነው። ለሁለቱም «ልዩነት» ማለት፣ ቃሉን ከአለመስማማት ጋር አያይዞ ለሚያውቅ ሕፃን ጥያቄውን ያጨልመዋል።

እንደ 8 - 3 + 2 ያለው ረጅም ስሌት ሲመጣ ያቀረብሁት አነባበብ ከባድ እንደሚሆን አልክድም። በዚያ ደረጃ ተማሪዎች የለመዱትን «ማይነስ» መቀበል ይመረጣል። ባዕድ ቢሆንም የምልክት ስም እንጂ የአማርኛ ግሥ ስላልሆነ፣ ባለቤት ፈልጎ የቀደመውን ቍጥር አይዝም።