በስልክ የሚከፈለው ብርና ኃላፊነቱ የወደቀበት እጅ

ይህ ዘጋቢ በቅርቡ ለግል ጉዳይ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎራ ባለበት ወቅት፣ በክፍያ መስኮቱ ፊት ከተሰለፉት ተገልጋዮች መካከል ከገጠር የመጡ አንዲት አዛውንት እናት ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ብር ፈትተው ቢዘረጉም፣ ሠራተኛዋ ክፍያ የሚፈጸመው በስልክ ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጸችላቸው። እናት ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ የምትልክበትን የስልክ ሂሳብ አስታወሱ። ስልካቸውን ከኋላቸው ለቆመ ወጣት ሰጥተውም "ልጄ፣ አንተው ክፈልልኝ" በማለት የሚስጥር ቁጥራቸውን ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አንድ በአንድ ነገሩት። ወጣቱ ክፍያውን ፈጽሞ ስልኩን መለሰላቸው። በዕለቱ የጠፋ ገንዘብ አልነበረም።

የሞባይል ገንዘብ በአገራችን ሰፊ ሥርጭት ያገኘው ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተሰኘውን አገልግሎት ካስጀመረ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ አግኝቶ ኤም-ፔሳን ይዞ ወደ ገበያው ገብቷል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። የነዳጅ ግዢ በ2015 ዓ.ም. ከጥሬ ገንዘብ ወደ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲዛወር መደረጉም፣ የትራፊክ ቅጣትን፣ የመብራትና የውኃ ክፍያን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በዚሁ መንገድ መፈጸማቸውም ስልኩን ከመነጋገሪያነት ወደ ቦርሳነት አሸጋግሮታል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ደንበኛው ለወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ በስልክ ቁጥሩ በተከፈተ ሂሳብ ተመጣጣኝ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ይመዘገብለታል። አገልግሎት ሰጪው ድርጅትም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ለዚህ ገንዘብ እኩያ የሚሆን ተቀማጭ በባንክ መያዝ ይጠበቅበታል። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ያለው ሰውም በአጭር ቁጥር እየደወለ ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ የባንክ ቅርንጫፍ በማያውቀው ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ሳይቀር ከከተማ የተላከለትን ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ይቀበላል።

የዚህ አገልግሎት ጠቀሜታ በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም። ኤም-ፔሳ በጎረቤት አገር ኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሲሆን፣ ታቭኒት ሱሪ እና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ጥናት አገልግሎቱ 194 ሺህ ያህል የኬንያ ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ አመልክቷል። በጥናቱ መሠረት ለውጡ ይበልጥ የታየው በሴቶች በሚመሩ ቤተሰቦች ላይ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ ዝናብ ሲቀር ወይም ሰው ሲታመም ከሩቅ ዘመድ የሚላከው ጥቂት ገንዘብ በጊዜው ከደረሰ ላም አይሸጥም፣ ልጅም ከትምህርት ቤት አይቀርም።

ይሁንና ይኸው ፍጥነት የተገኘው አንድ ነገር ተቀንሶ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቀደም ሲል አንድ ሰው ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ደብተሩን ያቀርባል፣ ይፈርማል፣ ገንዘብ ከፋዩ ፎቶግራፉን ከፊቱ ጋር ያስተያያል፤ መጠኑ ከፍ ካለም ሌላ ኃላፊ ይመለከተዋል። ይህ ሁሉ አሰልቺ ቢሆንም ምስክር ነበር። በስልክ ክፍያ ግን የእነዚህን ሁሉ ሥራ ጥቂት አኃዞች ተክተውታል። ቁጥሩን ያስገባ ሁሉ በሥርዓቱ ዓይን የሂሳቡ ባለቤት ነው። በመሆኑም አጭበርባሪው የሥርዓቱን ቁልፍ መስበር አያስፈልገውም፤ ባለቤቱን ማሳመን ብቻ ይበቃዋል።

ማሳመኛው ብዙ ዓይነት ነው። ሽልማት ደርሶዎታል በሚል ደውሎ በስልክዎ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ይንገሩኝ የሚለው የታወቀ ነው። ከዚህ የረቀቀው ግን የሚስጥር ቁጥርን ጨርሶ አይጠይቅም። በቅድሚያ "2 ሺህ ብር ተልኮልዎታል" የሚል ከእውነተኛው ጋር ቃል በቃል የሚመሳሰል አጭር መልእክት ይደርሳል። ወዲያው ድምፁ የተጨነቀ ሰው ይደውልና ለታመመ ወንድሙ ሊልክ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ወደ እርስዎ እንደላከ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው እንዲመልሱለት ይማጸናል። ቅን ሰው ሂሳቡን ሳያይ ይመልሳል። የመለሰው ግን የራሱን ገንዘብ ነው፤ ቀድሞ የገባለት አንድም ብር አልነበረምና። መልእክቱ የመጣው ከአገልግሎቱ መደበኛ አጭር ቁጥር ሳይሆን ከተራ የግለሰብ ስልክ መሆኑን ያስተዋለ፣ ወይም ቀሪ ሂሳቡን አስቀድሞ የተመለከተ ብቻ ይድናል። እንዲህ ያለው ማታለል የሚሠራው በስግብግብ ላይ ሳይሆን በደግ ሰው ላይ መሆኑ በተለይ ያሳዝናል።

በሱቆችም ተመሳሳይ ችግር አለ። ገዢው የከፈለበትን የሚያሳይ ምስል በስልኩ ለባለሱቁ ያሳያል፤ ባለሱቁም ምስሉን አይቶ ዕቃውን ያስረክባል። ምስሉ የትናንት ወይም የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው በተቀባዩ ስልክ እንጂ በከፋዩ እንዳልሆነ ያልለመደ ነጋዴ ምሽት ላይ ሂሳቡን ሲያስተካክል ይደነግጣል።

ስህተት በተቋም በኩልም ይደርሳል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ባጋጠመው ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ማውጣታቸውንና ማስተላለፋቸውን ባንኩ አስታውቆ ነበር። ባንኩ የእያንዳንዱን ዝውውር ዱካ ተከትሎ፣ ያልመለሱትን ስም እስከ ማሳወቅ ደርሶ፣ አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል። ለተቋም ይህ ይቻላል። ገንዘቧ በስህተት ወይም በማታለል ወደማታውቀው ቁጥር የሄደባት ግለሰብ ግን በእጇ ያለው አንድ አጭር መልእክት ነው፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ዓይነት መዝገብ ላይ ዱካ ይተዋሉ፤ ዱካውን ማየት የሚችለው ግን አንደኛው ወገን ብቻ ነው።

ብድርም ሌላው ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር መላ የተሰኘውን አነስተኛ ብድር ያለ መያዣ ማቅረብ ጀምሯል። ለጉልት ነጋዴ ይህ ከአራጣ የሚያድን ነው። የኬንያ ተሞክሮ ግን ጥንቃቄ እንደሚያሻ ያሳያል። በዚያ አገር የስልክ አበዳሪዎች ቁጥር በፈጣን ሁኔታ ጨምሮ፣ አንዳንዶቹ የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ ወስደው ለዘመድና ለአለቃ እየደወሉ እስከ ማዋረድ በመድረሳቸው፣ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 አበዳሪዎቹን ፈቃድ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ የወጣው ብዙዎች ከተጎዱ በኋላ ነው።

በአገራችን የሕግ ማዕቀፉ ባዶ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸምን ማታለል ያስቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የዜጎችን መረጃ የሚይዙ አካላትን ግዴታ ይደነግጋል። ሆኖም አዋጅ በክፍያ መስኮት ፊት ቆሞ ማንንም አይረዳም። በዚያ የሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው።

ጥያቄው ወደ ተቋማት የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። በጥሬ ገንዘብ መክፈልን ያስቀረ መሥሪያ ቤት ምዝበራን ቀንሷል፣ ሰልፍ አሳጥሯል፣ የገቢ ሂሳቡንም አጥርቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ስልክ የሌለው፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ ተገልጋይ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ለመስጠት ከተገደደ፣ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ስጋት ወደ ተገልጋዩ አዛወረ እንጂ አላስወገደውም። መፍትሔው በጀት የሚጠይቅ አይመስልም፤ ኃላፊነት የተሰጠውና በስሙ የሚታወቅ አንድ ረዳት ሠራተኛ፣ ቁጥር ሲገባ ሌላው የማያይበት ጥግ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም ተገልጋዩን "ነገ ይምጡ" ከማለት የሚያድን አማራጭ መንገድ።

ዘጋቢው ከመስኮቱ ዘወር ካሉ በኋላ እናትን ጠጋ ብሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ዛሬውኑ እንዲቀይሩ መከራቸው። እርሳቸውም ደረሰኛቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ "የት ሄጄ ነው የምቀይረው ልጄ?" ሲሉ ጠየቁ። በግቢው ውስጥ ይህን የሚመልስ ሰው አልተገኘምና፣ ልጃቸው ማታ ስትደውል እንዲጠይቋት ተስማሙ።