በባት ውስጥ የረጋ ደም፦ መድኃኒት ወይስ ክትትል?

ቆመን ሳለ ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት 1.2 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የደም ዓምድ በደም መልስ ሥሮቻችን ላይ ይጫናል። የደምን እፍግታ፣ የመሬትን ስበትና ይህን ቁመት ብናባዛ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ግፊት እናገኛለን። ስንራመድ የባት ጡንቻ ሥሮቹን እየጨመቀ ደሙን ሽቅብ ስለሚገፋው ግፊቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ለረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ወይም ታመን ስንተኛ ግን ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል፤ ፍሰቱ ይዘገያል፤ ደሙም ሊረጋ ይችላል።

የረጋው ደም ከጉልበት ጀርባ ወይም ከዚያ በላይ ባለው ትልቅ ሥር ውስጥ ከሆነ፣ ተቆርሶ የሳንባን ሥር በመዝጋት ሊገድል ስለሚችል መርጋትን የሚገታ መድኃኒት ይታዘዛል። በባት ብቻ ሲወሰን ግን ውሳኔው ያከራክራል። አብዛኛው ባለበት ይቀራል፤ ጥቂቱ ወደ ላይ ያድጋል፤ ይህም በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሆናል። መድኃኒቱም በበኩሉ ደም መፍሰስን ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ካክተስ የተሰኘ ጥናት፣ ተጋላጭነታቸው ዝቅተኛ በሆነ ታካሚዎች ላይ ናድሮፓሪን የተባለው መድኃኒት ከማስመሰያ መርፌ የላቀ ጥቅም እንዳላሳየ፣ ደም መፍሰስን ግን እንዳበዛ አመልክቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከታቀደው በማነሱ ክርክሩ በዚህ አልተቋጨም።

በመሆኑም ሐኪሙ ሁለቱን አደጋዎች ይመዝናል። ካንሰር ላለበት፣ ቀደም ሲል ደም ረግቶበት ለነበረ፣ ሕመሙ ለጠናበት ወይም የረጋው ደም ለጉልበት ለቀረበበት ሰው መድኃኒቱ ዘወትር ለሦስት ወራት ይሰጣል። እነዚህ ከሌሉ፣ ወይም ደም የመፍሰስ ሥጋቱ ከበረታ፣ ለሁለት ሳምንታት በየሳምንቱ በአልትራሳውንድ መከታተል ይቻላል። የምርመራው መርሕ ቀላል ነው፤ ጤናማ ሥር በመሣሪያው ሲጫኑት ይጣበቃል፤ ደም የረጋበት ግን አይጣበቅም።

እንግዲህ መጠበቅ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። ታካሚው በሳምንቱ ተመልሶ መታየት ካልቻለ ክትትል የሚለው ምርጫ ትርጉሙን ያጣል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ከሚገኝበት ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። አንድ እግሩ በድንገት ያበጠበት ሰውም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ከመታሸቱ በፊት ይመርመር። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተሰማው ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።