የወደብ ሰነድ መንገድ እንዳይዘጋ

ከአገራችን የውጭ ንግድ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሚያልፍ ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዕቃው ዶራሌ ላይ ከመርከብ ወርዶ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲጓዝ፥ ሰነዱ በኮምፒዩተር ይጓዛል። በጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም ነጋዴው የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ በአንድ ስፍራ እንዲጠይቅ የታሰበ ነው። ሰነዱ ከዘገየ ግን ዕቃው ይቆማል፤ በቆመም ቍጥር ኪራይ ይከፈልበታል፤ ገበሬው ማዳበሪያውን፥ ሕመምተኛውም መድኃኒቱን ይጠብቃል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲታዘዝ «ፈጣንና አስተማማኝ ይሁን» ማለት ብቻ አይበቃም። «መስመር ቢቋረጥ አንድም ሰነድ ሳይጠፋ ሥራው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይቀጥል» ተብሎ በልክ ሊነገር ይገባል። መሐንዲሱ ተገቢውን ብልሃት የሚያበጀው ልኩ ሲነገረው ነው።

የመጀመሪያው ብልሃት ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ የፋይበር ገመዶች ሲበጠሱ፥ ከእነርሱ መካከል በጅቡቲም የሚያርፉ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሌላ ገመድ የነበራቸው ድርጅቶች መልእክታቸውን በዚያ አዙረው አሳለፉ።

ሁለተኛውም መንገድ ቢጠፋ፥ ሰነዱ ተራ ይዞ ይቈይና መስመሩ ሲመለስ እንደ ገና ይላካል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ የተላከ ሰነድ አንዱን ኮንቴይነር ሁለት እንዳያደርገው፥ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም ያን ቍጥር አስቀድሞ ከመዘገበው ዳግመኛ አይመዘግበውም።

ብልሃት ሁሉ ዋጋ አለው። ሰነዱ በሁለት ስፍራ ሳይጻፍ «ደርሶኛል» የሚል መልስ እንዳይሰጥ ቢታዘዝ፥ መልሱ ጥቂት ይዘገያል። ፍጥነት ብቻ ቢፈለግ ደግሞ፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ የጠፋውን መፈለግ ከመዘግየቱ ይልቅ ያደክማል።

ከሁለቱ መምረጥ ለመሐንዲሱ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የትኛው ጕዳት እንደሚከብድ የሚያውቀው የሥራው ኃላፊ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ልኩን በጽሑፍ ያስፍር፤ ሥራውንም ሲረከብ መስመሩን ሆን ብሎ አስቋርጦ ይፈትነው እንላለን።