ከማኪያቶ እስከ «ኢማኩሌት»

ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ያዘዘ ተመራቂ ሳያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ጥናት ጀምሯል። ማኪያቶ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» እንደ ማለት ነው፤ ቡናው ወተት ስለነካው። የቃሉ አያት የላቲኑ «ማኩላ» ነው፤ ነቁጥ ወይም እድፍ ማለት። ከፊቱ አፍራሽ ቅጥያ ሲገባበት የእንግሊዝኛው «ኢማኩሌት» ይወጣል፤ እድፍ የሌለበት፣ እንከን የማይወጣለት። ይህ ቃል ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተብለው በሚሸመደዱ ዝርዝሮች ውስጥ ይገኛል። አራዳ ላይ ዘመዱ በየማለዳው በብርጭቆ ይቀርባል።

ፈተናውም ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ ሰው አራት ኪሎ ላይ ትምህርት ሚኒስቴርን ያገኛል። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ መማር የሚፈልግ ሁሉ የሚጠበቅበት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አለ። ተፈታኞች ከእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ወስደው «ጋት» ይሉታል። ሒሳብ አያያዝ ያጠናውም ነርሷም ስለ ሙያቸው አይጠየቁም፤ የሚለካው ከቋንቋ፣ ከቁጥርና ከትንተና ጋር ያላቸው ትግል ነው። ብዙዎችን የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ ሰፈር ሁልጊዜ የበላይ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የተማረ ሰው መለያ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስም እንደዚያው ቆየ። እንግሊዝኛ የገነነው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ማስተማር የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሪ፣ ኢየሱሳዊው ሉሲየን ማት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነበሩ፤ የኮሌጁ ማስተማሪያ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ሆነ። ዛሬም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚነበበውም የሚጻፈውም በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ፣ ፈተናው ቋንቋ ላይ መጥበቁ ምክንያት አለው።

የተለመደው አጠናን ዝርዝር መሸምደድ ነው። አንድ ሺህ ቃል ከነፍቺው ታትሞ ወይም በስልክ ተቀባብሎ ይደርሳል፤ ተፈታኙ ከ«ኤ» ይጀምርና «ሲ» ላይ ይደክማል። ዝርዝር ራሱ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። የኒውዚላንዷ የቋንቋ ምሁር አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ብቻ ይይዛል። ከ3.5 ሚሊዮን ቃላት የምሁራን ጽሑፍ ያበጠረቻቸው ናቸው፤ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። በቀን አምስት ለሚይዝ ሰው የአራት ወር ሥራ አይሞሉም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሳይጠቀምበት የሚቀር ሀብት አለው። «ከፈለ» የሚለውን የሚያውቅ ልጅ ክፍል፣ ክፍያ፣ ከፋይ፣ አከፋፈል፣ ክፍለ ከተማ ሲሰማ ፍቺ አይጠይቅም። ሥሩን ይዞ ያረባል። የቅኔ ተማሪዎችም ግሥ ሲያወርዱ የሚውሉት ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛ የምሁራን ቃላት አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ ሥር ስለሚበቅሉ ያው ዘዴ ይሠራባቸዋል። ሥሮቹ ደግሞ በጣሊያንኛ በኩል አድርገው አዲስ አበባ ከገቡ ቆይተዋል።

ፍሬን እንውሰድ። የጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ልጓምም የመኪና መግቻም ነው፤ የላቲን አባቱም ልጓም ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ሪፍሬን» ራስን መግታት፣ ከአንድ ነገር መታቀብ ነው፤ ራስን በልጓም መያዝ። ቦርሳ «ሪምበርስ» ውስጥ ተደብቋል፤ ያወጣኸውን ገንዘብ ወደ ቦርሳህ መመለስ። ፊርማና ፌርማታ አንድ እናት አላቸው ቢባል ማን ያምናል? ሁለቱም «ጽኑ» ከሚለው የላቲን ቃል ይመጣሉ። ፊርማ ቃልን ያጸናል፣ ፌርማታ መኪናን ያቆማል፤ «ኮንፈርም» ማረጋገጥ፣ «ኢንፈርም» ጽናት ያጣ ደካማ። ከሁሉ የሚያስገርመው ፋብሪካ ነው። «ፋብሪኬት» በእንግሊዝኛ መሥራትም ሐሰት መፍጠርም ነው። አማርኛም ማንም ሳይነግረው «ወሬ ፈበረከ» ብሎ ያንኑ መንገድ ሄዷል።

መመሳሰል ሁሉ ግን ዝምድና አይደለም። ፉርኖን ከ«ፈርነስ»፣ ከእቶን፣ ጋር ማዛመድ ያስኬዳል፤ ከ«ፈርኒቸር» ጋር ማዛመድ ግን ስህተት ነው። የዘፈን አዝማች የሚባለው «ሪፍሬን» እንኳ ከልጓሙ ጋር አይዛመድም፤ ከሌላ ሥር መጥቶ በአጋጣሚ ተመሳስሏል። ቅጥያም ያሳስታል፦ «ኢንቫሉዬብል» ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋው የማይተመን ነው። በዚህ ላይ አንድ ቃል ተቃራኒ ፍቺ ይዞ ይመጣል። «ሳንክሽን» በዜና ማዕቀብ ነው፤ በሕግ ጽሑፍ ማጽደቅም ይሆናል። «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም ነው፣ ሳያዩ ማለፍም። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ብዙ ትውልድ ያገለገለ መጽሐፍ ነው፤ ከሁለቱ ፍቺዎች የትኛው እንደተፈለገ የሚናገረው ግን ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ዓረፍተ ነገሩስ? የምንባቡ እውነተኛ ዳገት ይህ ነው። «ትናንት ፒያሳ ያገኘነው መምህር» ስንል ማብራሪያው ቀድሞ መምህሩ ይከተላል፤ ግሡም መጨረሻ ላይ ይጠብቀናል። እንግሊዝኛ መምህሩን አስቀድሞ ማብራሪያውን ከኋላው ያስከትላል፤ በባለቤቱና በግሡ መካከልም ሁለት መስመር ሊገባ ይችላል። በአማርኛ ልማድ እስከ ነጥቡ ድረስ በትዕግሥት የሚጠብቅ አንባቢ እዚያ ሲደርስ ባለቤቱ ማን እንደነበር ረስቷል። መድኃኒቱ ተራ ነው፦ ልምምድ ላይ እርሳስ ይዞ በየረጅሙ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱንና ዋናውን ግሥ ማስመር፣ የመካከሉን ለጊዜው መተው። ሁለት ሳምንት ያስመረ ሰው ከዚያ በኋላ ዓይኑ ራሱ ያስምርለታል።

ጥያቄዎቹ ላይ ደግሞ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ እውነት የሆነው መልስ ነው። ተፈታኙ ከሌላ ቦታ የሚያውቀው፣ ምንባቡ ግን ያላለው። «ሁሉም»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት ያዘለ ምርጫም ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ጸሐፊው «አንዳንዴ» ብሎ ከሆነ «ሁልጊዜ» የሚለው መልስ ወድቋል። የውጭ ነጻ ትምህርት የሚያሳድዱ ሰዎች የሚወስዱት ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በ2011 ነጠላ የተቃራኒ ቃል ጥያቄዎችን ጥሎ ቃልን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ መጠየቅ የጀመረውም ሽምደዳን ለመቀነስ ነው። ዛሬ በቋንቋ ክፍሉ 27 ጥያቄዎችን በ41 ደቂቃ ያስጨርሳል፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ማንበቢያው ተጨምሮ።

ማንበቢያ ቦታ ለፈለገ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ አራት ኪሎ ላይ አለ፤ በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ አንባቢ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከፒያሳ በእግር ይደረሳል። በታክሲ ለሚሄድ ደግሞ ሾፌሩ ካምቢዮ ይቀይራል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ የኋለኛው በእንግሊዝኛ «ፍሪክሽን»፣ ሰበቃ ወይም አለመግባባት ነው። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ቦርሳ ይከፈታል፤ ከዚያ «ወራጅ አለ»፣ ፍሬን፣ ፌርማታ።