የሚረጋ ዘይት በደም ሥር ውስጥ ይረጋልን?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋዎች የፓልም ዘይት በብርዱ ምክንያት በጀሪካን ውስጥ ይረጋል። ይህን በማየት ዘይቱ በደም ሥር ውስጥም እንዲሁ ይረጋል የሚል እምነት በኅብረተሰቡ ዘንድ ይሰማል። የሰውነት ሙቀት ግን ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ የተበላ ዘይትም እንዳለ ወደ ደም አይገባም።

ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም ደግሞ ይሰባብረዋል። የአንጀት ህዋሳት ስብርባሪውን ተቀብለው መልሰው ይገጣጥሙታል። ቅባት ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድም በፕሮቲን በተሸፈኑ ቅንጣቶች ተጠቅልሎ ወደ ደም ይገባል።

ጉበት ራሱም ቅባት ይሠራል። በጾም ወራት ቅቤና ሥጋ የማይቀምስ ሰው በደሙ ውስጥ ቅባት ሊበዛበት የሚችለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ የተበላ እንጀራ፣ ድንች፣ የፎገራ ሩዝ ወይም ስኳር በጉበት ውስጥ ወደ ቅባትነት ሊለወጥ ይችላል። አረቄ ማዘውተርም በጉበት ላይ ቅባት ያከማቻል።

ትርፉ በስብ ህዋሳት ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ሲይዝ አንድ ግራም ስኳር የሚይዘው 4 ብቻ ስለሆነ፣ ስብ ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሩ ስንቅ ነው። ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ጉዳቱ የሚያይለው በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ላይ የሚከማቸው ነው፤ ይህም ቀጭን በሚመስል ሰው ላይ ሊገኝ ይችላል።

የፓልም ዘይት ጉዳት ታዲያ ከወዴት ይመጣል? ግማሽ ያህሉ የሚረጋ የቅባት ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ቅባት ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከደም የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል፤ ኮሌስትሮሉም በዓመታት ውስጥ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል። የኑግ ዘይት በአብዛኛው የማይረጋ ቅባት የያዘ ስለሆነ፣ ኑግ ሸጦ የሚረጋ ዘይት መግዛት ለጤና የሚበጅ ልውውጥ አይደለም። የትኛውም ዘይት ቢሆን ግን በመጠኑ ሊበላ ይገባል።

የደም ቅባት መብዛት በአብዛኛው ምልክት የለውም። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በቤተሰባቸውም በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የተጠቃ ሰው ያለ ዜጎች በአቅራቢያቸው በሚገኝ የጤና ተቋም ስለ ምርመራው ሊጠይቁ ይገባል። ለምርመራው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ውኃ መጠጣት አይከለከልም። መድኃኒት የሚወስድ ጿሚም የሚጾምበትን ሰዓት ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር አለበት።