እሳት ያልነካው መክሰስ

ሙዝና ማንጎ ቆራርጦ፣ በእንጨት ስንጥር ላይ እያፈራረቁ ሰክቶ፣ በወፍራም እርጎ እያጠቀሱ መብላት ምድጃ የማይጠይቅ፣ ልጆችንም የሚያስፈነድቅ መክሰስ ነው።

ማጥቀሻው እርጎን በንጹሕ ሻሽ ቋጥሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በማንጠፍጠፍ ይዘጋጃል። በላክቲክ አሲድ የረጋው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን በሻሹ ላይ ሲቀር አጓቱ ይወርዳል። የቀረው ከጥቂት ማር ጋር ሲመታ እንደ ክሬም ይለሰልሳል።

ሙዝ ሲቆረጥ ሕዋሳቱ ይቀደዳሉ፤ ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይምም ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ፍሬውን ማጥቆር ይጀምራል። ሎሚ ቢጨመቅበት አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። አናናስ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ይህ ጸሐፊ አናናስ በእርጎ ለውሶ ቢያሳድር በማግስቱ ያገኘው የሚመርና የቀጠነ ነገር ነበር። ለካስ ብሮሜሌይን የተባለው የአናናስ ኢንዛይም ኬዚኑን ሲቆራርጠው አድሯል! ከተቆረጡት የፕሮቲን ቁርጥራጮች ብዙዎቹ መራራ ናቸው። የታሸገ አናናስ ይህን አያደርግም፤ በሚታሸግበት ጊዜ ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋልና። ትኩሱን አናናስ መቀላቀል የሚገባው እንግዲህ ሊበላ ሲል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የወተቱ ጉዳይ ነው። በአገራችን እርጎ በአብዛኛው ካልፈላ ወተት በራሱ ጊዜ የሚረጋ ሲሆን፣ ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ በሽታዎች አምጪ ተሕዋስያን መኮምጠጡን ተቋቁመው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ወተቱ አስቀድሞ ይፈላል። የፈላ ወተት የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ስለሚያጣ፣ ለብ ሲል ካልተበከለ የፋብሪካ እርጎ አንድ ማንኪያ ለእርሾነት ይጨመርበታል።